ሚዛን የለኝም ያልኩ ዕለት

እፎይ! ይህን የማወራችሁ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ በረንዳዬ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው። ሦስት ጊዜ «ገዛ» ያልኩት ቃል አጥሮኝ አይደለም። ባለፈው ሰሞን ሦስቱንም ላጣቸው ጥቂት ቀርቶኝ ስለነበር ነው። ያውም በሰው ተንኮል ሳይሆን በገዛ አፌ። ይኸው አራት ሆነ።

ነገሩ የጀመረው በመውደቅ ነው። መውደቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናቡ የሚያቆመው ትንፋሽ ለመውሰድ ያህል ነው፤ ቀዩ ጭቃችን ደግሞ ከሳሙና አይተናነስም። ከበሬ ወጥቼ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ግራ እግሬ እኔን ሳያማክር ቀድሞኝ ሄደ። እኔም ተቀመጥኩ። ልብ በሉ፣ ተቀመጥኩ ነው ያልኩት። ሰው በሰባ ሁለት ዓመቱ ጭቃ ላይ መቀመጥ ቢያምረው ማን ከልካይ አለው? ግራና ቀኝ አየሁ፤ ዝር የሚል ሰው የለም። ተመስገን ብዬ የአጥሩን እንጨት ይዤ ተነሳሁ። ሱሪዬን ጠርጌ ሳልጨርስ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ጅማ የምትኖረው ልጄ እመቤት ናት።

«አባዬ፣ ወደቅክ?»

እስቲ ፍረዱኝ። ከሚዛን ጅማ ስንት ተራራ፣ ስንት ወንዝ፣ ስንት ጠመዝማዛ አለ! ወሬው ግን እኔ ከመነሳቴ በፊት ደርሷል። ማን እንዳደረሰው ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው የዘይነባ ሱቅ ነው። ዘይነባ ወላጆቿ ከጅማ አካባቢ መጥተው እዚሁ የወለዷት፣ ስኳር፣ ሩዝና ሳሙና የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ከሱቋ መስኮት ሆና የማታየው የለም፤ አይታ የማትናገረውም የለም። ወዳጄ ናት፤ ግን ለእመቤትም ወዳጅ ናት። ችግሩ እሱ ነው።

«አልወደቅኩም፤ ተቀመጥኩ» አልኳት።

«ጭቃ ላይ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ከበርህ እስከ መንገዱ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ሁለት እርምጃ ደከመህ?»

ይቺን ልጅ ትምህርት ቤት የላክኋት እኔው ነኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። እመቤት ስትጮህ አልፈራትም፤ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ግን ነገር አለ ማለት ነው። «አባዬ፣ ዘንድሮ ብቻ ሦስተኛህ ነው። እኔ እዚህ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። አሁን የሚያይህ ሰው ለምኛለሁ። ብቻውን መኖር ይችላል ካለኝ ዝም እላለሁ። አይችልም ካለኝ ግን ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ከነአልጋህ ጭኜህ ነው የምመለሰው።»

«ይምጣ!» አልኩ በኩራት። ስልኩንም ዘጋሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈራሁ። ልጄ ክፉ ሆና አይደለም፤ የተባረከች ልጅ ናት። ግን የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምና ሁለት ሳምንት ሄጄ ነበር። በልቼ ጠጥቼ፣ በመስኮት የሰው አናት ሳይ ከረምኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዴት አደርክ ያለኝ ሰው ቢኖር የደረጃው ጥበቃ ብቻ ነው፤ እሱም ሌላ ሰው መስዬው። እዚህ ግን ከቤቴ ተነስቼ ዘይነባ ሱቅ እስክደርስ አሥራ ሁለት ሰው ጤናዬን ይጠይቀኛል። ከጓሮዬ ደግሞ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና በእጇ የተከለችው አቮካዶ አለ። ያን ዛፍ ማን ያናግርልኛል? ሰው ፊት አላናግረውም እንጂ፣ ብቻችንን ስንሆን እንጫወታለን።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ። የሚመጣው ሰው ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ማዳመጫ ያንጠለጠለ ሐኪም እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም። ጺሜን ተላጨሁ። ለእመቤት ሠርግ የተሰፋውን ኮቴን አወጣሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ደረቴን ነፋሁ። ይምጣ የተባለ ሐኪም ይምጣ፣ ዝግጁ ነኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ነጠላ ጫማዋን ጭቃ እየጎተተው፣ ዣንጥላ እንኳ ሳትይዝ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ! ጋሼ! አልሰሙም?»

«ምን ሆንሽ? ተቀመጪ መጀመሪያ።»

«የምን መቀመጥ! ነገ ጠዋት በየቤቱ እየዞሩ ሚዛን ሊያዩ ነው! አንዲት ከቢሮ የመጣች ሴት ለቀበሌው ሰው ስትነግር በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ወላሂ! የእርስዎንም ስም ጠርታለች። ‹የእሳቸውን ሚዛን በደንብ ነው የማየው› ብላለች!»

ዓይኔ ወደ ሳሎኔ ሮጠ።

እዚህ ላይ ስለ ሚዛኔ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሸት ቡና ከገበሬ እየተረከብኩ ኖሬያለሁ። ከሸኮም ከማጂ መንገድም በአህያና በጀርባ የሚመጣው ቡና የሚያልፈው በዚያ መሬት ላይ በሚቀመጠው፣ ከብረት በተሠራው፣ ረጅም አንገት ባለው ሚዛኔ ላይ ነበር። ሥራውን ከተውኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ ሚዛኑን ግን አልተውኩትም። ሳሎኔ መሐል ቁጭ ብሏል። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ የተመዘነው በእሱ ነው። እመቤት ከተወለደች ጀምሮ በየልደቷ እሱ ላይ ቆማለች፤ በሠርጓ ዕለት እንኳ ከነቬሎዋ አቁሜያታለሁ። ሌባ አይደለም ሚዛኔ። ብቻ አራተኛ እግሩ፣ የግራው፣ አጠር ይላል፤ የአሮጌ ጫማ ሶል ቆርጬ ከሥሩ አድርጌለታለሁ። አንዳንዴም ይደነዝዛል። ያን ጊዜ አንገቱን በመዶሻ መታ ሳደርገው ይነቃል። የቁጥጥር ማኅተም የሚባለው ነገር ደግሞ ከተሠራ ጀምሮ ኖሮት አያውቅም። ማኅተም የሌለው ሚዛን ተጭኖ ይወሰዳል ሲባል ሰምቻለሁ።

«እኔ ሚዛኔን ሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀብሬዋለሁ» አለች ዘይነባ። «እርስዎም ቶሎ ይበሉ!»

ከዚያ ሮጣ ሄደች፤ ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደሚቀጥለው ሱቅ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በእኛ መንገድ ላይ ሚዛን የሚባል ዕቃ ድራሹ ጠፋ። ስኳር በብርጭቆ፣ ሽንኩርት በዓይን ግምት ሆነ። ልጅነቴን አስታወሰኝ።

ሚዛኔ ግን ሩዝ ውስጥ የሚቀበር አይደለም። ክብደቱን ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲመዝን ራሱ ተመዝኖ አያውቅም። ስለዚህ አጥር ዘልዬ፣ ይቅርታ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጎንበስ ብዬ ማርቆስን ጠራሁት። ማርቆስ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ ቤንች ነው፤ የአርባ ዓመት ጎረቤቴ። በዕድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። በቤተ ክርስቲያናቸው ጮክ ብሎ የሚጸልይ እንደሱ የለም።

«ዕቃ እናንሳ» አልኩት።

«የት?»

«ጓሮ። ከቦዩ ማዶ። እንሰቱ ሥር።»

ማርቆስ አየኝ፣ ሚዛኑን አየ፣ ዝናቡን አየ። «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ታውቃለህ?» አለኝ። ግን እጅጌውን ሰበሰበ። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው።

ከጓሮዬ መጨረሻ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ። ጉልበት ድረስ ይደርሳል። በላዩ ላይ አንዲት ሳንቃ ጣል አድርጌበታለሁ፤ ስፋቷ ሁለት መዳፍ ቢሆን ነው። ከማዶ ቡናውና እንሰቱ አለ። እኔ ከፊት ሆኜ ወደኋላ እየሄድኩ፣ ማርቆስ ከኋላ፣ ሚዛኑ መሐል። አንድ መቶ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንዲት ሳንቃ ላይ ወጣ፤ የሁለታችንን ዕድሜ ደምሬ ነው፣ የሚዛኑን ትቼ። መሐል ላይ ስንደርስ ሳንቃዋ ሲጥ አለች። ማርቆስ ቆመ።

«ምን ሆንክ?»

«ልጸልይ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«አሁን?!»

«ታዲያ መቼ?»

ጸሎቱ አጭር አይደለም። ለእኔ ጸለየ፣ ለቤተሰቡ ጸለየ፣ ለመንግሥት ጸለየ። እኔ የብረቱን አንገት አቅፌ፣ ዝናቡ ማጅራቴ ላይ እየፈሰሰ፣ በአንድ ተረከዝ ቆሜ አሜን አሜን እላለሁ። ይመስገነው ተሻገርን። ሚዛኑን የእንሰት ቅጠል አለበስነው። ከዚያ ማርቆስን በጠራው አምላክ ማል አልኩት። «ማንም ቢጠይቅህ ሚዛን አላየሁም በል።»

«እኔ መሐላ አልምልም፤ ቃሌ ግን ቃል ነው» አለኝ።

ሌሊቱን ወገቤ ለሁለት ተከፍሎ አደረ። ጠዋት ከአልጋ የወረድኩት በክፍል በክፍል ነው። ሳሎን ስገባ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ሚዛኑ የነበረበት ሲሚንቶ ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ምልክት ቀርቷል፤ ከጎኑም ያቺ የሶል ቁራጭ። ቶሎ ብዬ ወንበሬን ምልክቱ ላይ አድርጌ፣ ሶሏን በእግሬ ሸፍኜ፣ ኮቴን ለብሼ ተቀመጥኩ። ሐኪሙም በዚያው ቢመጣ ብዬ ነው።

አንዲት ሴት መጣች። የዝናብ ልብስ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ መዝገብና ሜትር። ፈገግ ብላ ማን እንደሆነችና ከየት እንደመጣች ነገረችኝ። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ድቤ ይመታል። የሰማሁ መስዬ አንገቴን ነቀነቅሁ። የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«… ሚዛንዎን ለማየት ነው የመጣሁት፣ አባባ።»

«ሚዛን የለኝም» አልኩ ፍርጥም ብዬ።

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ጭራሽ?»

«ጭራሽ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቡና ከተውኩ ጀምሮ። ሰባት ዓመት ይሆነዋል።»

«ውይ! ይህን ሁሉ ጊዜ ለማንም አልተናገሩም?»

«ሰው ሚዛን የለኝም እያለ በየመንገዱ ይለፍፋል እንዴ?»

በሐዘን አየችኝ። ተቆጣጣሪ እንዲህ ሲያዝን አይቼ ስለማላውቅ ደግ ናት አልኩ በሆዴ። «ከመጥፋቱ በፊትስ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ኩራቴ ጉድ ሠራኝ። የለም ያልኩትን ሚዛን ስሙን ማስከበር አማረኝ። «ድሮማ እሱን የመሰለ የት ይገኛል! ሸኮ ድረስ የተመሰከረለት ነበር! በኋላ በኋላ ነው በግራ እግር በኩል ትንሽ ማዘንበል የጀመረው።»

«በግራ እግር…» እያለች ጻፈች። «ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር?»

«የጫማ ሶል ቆርጬ ከሥር አስገባ ነበር።»

«ራስዎ? ያለ ሐኪም?»

«ለእሱ ደግሞ የምን ሐኪም! ደንዝዞ እንቢ ሲል መዶሻ ይበቃዋል።»

እስክሪብቶዋ ወደቀ። «መዶሻ?»

«ቀስ ተብሎ ነው እንጂ! አንገቱን በጎን በኩል መታ፣ መታ። ወዲያው ይነቃል።»

እስክሪብቶዋን አንስታ የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። የያዝኳት መሰለኝ። ከዚያ ግን ነገሩን ቀየረችው።

«እስቲ አባባ፣ እጅዎን ሳይጠቀሙ ከወንበሩ ይነሱ።»

አሃ! ወንበሩ ሥር ያለውን ምልክት ልታይ ነው! ነቃሁባት። «አልነሳም» አልኩ።

«አልነሳም ነው ወይስ አልችልም?»

«እንደፈለግሽ ጻፊው።»

ጻፈችው። ከዚያ ሜትሯን ዘረጋች። ከወንበሬ እግር ጀምራ እየሳበች፣ እየሳበች፣ ሦስት ሜትር ላይ ስትደርስ ጫፉ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? የጓሮው በር ላይ! «እስከዚህ ድረስ ሄደው ይመለሱልኝ» አለች።

«ወደዚያ የምሄድበት ጉዳይ የለኝም።»

«እሺ፣ በአንድ እግርዎ ለጥቂት ጊዜ መቆምስ?»

«ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው በአንድ እግሬ የምቆመው?»

መዝገቧን ዘጋች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አይዞዎት አባባ» ብላኝ ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። እኔ በውስጤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ረታኋት! ሠላሳ ዓመት ከነጋዴ ጋር የተከራከርኩት ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል።

ዝናቡ ልክ በዚያን ጊዜ ጋብ አለ። ድምጿ ጥርት ብሎ ገባ።

«ሃሎ፣ እመቤት? አስቴር ነኝ። አየኋቸው። ምን ልበልሽ… ሚዛን የላቸውም። ጭራሽ። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ሰባት ዓመት ደብቀውሻል። ከወንበር መነሳት አይችሉም። መራመድም አልፈለጉም። በግራ እግራቸው ጫማ ውስጥ ሶል ያስገባሉ። ደግሞ… እንዴት ብዬ ልንገርሽ… አንገታቸውን በመዶሻ ይመታሉ።»

ወንበሩ ወደኋላ ሲወድቅ ነው መነሳቴን ያወቅሁት። ወገቤ መታመሙን ረሳው። ሦስቱን ሜትር በስንት እርምጃ እንደጨረስኩት እኔም አላውቅ፤ በረንዳው ላይ ተገኘሁ። ሴትየዋ ዞራ ስታየኝ ጮኸች።

«እንዴ! እንዴት ተነሱ?!»

«አንቺ ማነሽ?» አልኳት።

«ነገርኩዎት እኮ! አስቴር ነኝ፤ ከጤና ጣቢያ። የእመቤት የክፍል ጓደኛ። አረጋውያንን እየዞርኩ የአቋቋም ሚዛናቸውን፣ እንዳይወድቁ፣ …»

የአቋቋም ሚዛን! ጌታዬ ሆይ! ለካ ሰውም ሚዛን አለው! ስልኩን ከእጇ ቀማሁ። እመቤት እያለቀሰች ነው።

«አባዬ፣ አይዞህ፣ ቅዳሜን አልጠብቅም፣ ነገ እመጣለሁ …»

«እመቤት ስሚኝ! እኔ የብረቱ ሚዛን መስሎኝ ነው! ጓሮ ደብቄው ነው! የእንሰት ቅጠል አልብሼው!»

በጣም በዝግታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ «እሺ አባዬ። ቅጠል አልብሰኸዋል። እሺ። አስቴርን ስጠኛት» አለችኝ።

ለካ ይባስ አድርጌው ኖሯል። እስካሁን እግሬ ብቻ ነበር የታመመው፤ አሁን ጭንቅላቴም ተጨመረበት። ምስክር ያስፈልገኛል። «ማርቆስ!» ብዬ ጮህኩ። ማርቆስ ከአጥሩ በላይ አንገቱን ብቅ አደረገ። የእሱም ወገብ እንደኔው ስለሆነ ሌላው አካሉ አልወጣም።

«ማርቆስ፣ ትናንት ምን እንደተሸከምን ንገራት!»

ማርቆስ አስቴርን አየ። አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ አየ። ቃሉን አሰበ። «እኔ ከእሱ ጋር ምንም አልተሸከምኩም» አለ።

«ማርቆስ! ሚዛኑን!»

«የምን ሚዛን? እኔ በዕድሜዬ ሚዛን አይቼ አላውቅም።» ለእኔም ጥቅሻ ጣል አደረገልኝ፤ ቃሉን በመጠበቁ ኮርቷል።

አስቴር እጄን ያዘችኝ። እንዲህ ያለ አያያዝ አውቃለሁ፤ ሰውን ከገደል አፋፍ ሲመልሱ ነው እንዲህ የሚይዙት። ያን ጊዜ ዓይኔ ወደ አቮካዶው ሄደ። ሳቁ ጠፋብኝ። በቃ፣ ነገ እዚያ ፎቅ ላይ ሆኜ የሰው አናት ልቆጥር ነው። ያም የሆነው መቆም አቅቶኝ ሳይሆን ብረት ስለደበቅሁ ነው። «ልጄ፣ በእናትሽ፣ ሃያ እርምጃ ብቻ ተከተይኝ። ካላየሽ እንደፈለግሽ ጻፊ» አልኳት። ለመንኳት፤ አልዋሻችሁም።

ተከተለችኝ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር፤ ኋላ ሳውቅ እመቤት ሁሉንም ስታዳምጥ ነበር። ቦዩ ጋ ስንደርስ አስቴር ሳንቃዋን አይታ ቀጥ አለች። «በዚህ ላይ ነው የሚሻገሩት?»

«በየቀኑ» አልኩና ሄድኩ። ኮቴን እንደለበስኩ፣ እጄን ዘርግቼ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ማዶ ደረስኩ። ዞር ስል አስቴር አንድ እግሯን አሳርፋ ነበር። «ቆዪ፣ አትምጪ! እሷ ሰው ትለያለች!» ከማለቴ ቦዩ ውስጥ ገባች። ጉልበቷ ድረስ። መዝገቧን ግን ወደ ሰማይ ዘርግታ ይዛዋለች፤ ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ወደ ሳንቃዋ ተመልሼ፣ መሐሏ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ እጄን ሰጥቼ ሳብኳት። አንድ ጫማዋ ቀረ፤ እሷ ግን ወጣች።

ከዚያ ቅጠሉን ገለጥኩት።

አስቴር አፏን ያዘች። ጭቃ የነካ እጇን አንገቱ ላይ አሳረፈች። «ይሄ ሚዛን! እኔና እመቤት ከትምህርት ቤት ስንመለስ በተራ የምንወጣበት! እርስዎ እኮ ‹አንቺ ጎመን ትበያለሽ፣ እሷ ገንፎ ትበላለች› ይሉን ነበር!» ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አልቆም አላት። «መዶሻው… ሶሉ… ለእሱ ነው!» ስልኩም ውስጥ ሌላ ሳቅ ይሰማል። ሳቅ ብቻ ግን አልነበረም፤ ልጄን አውቃታለሁ፣ ስትስቅ እያለቀሰች ነበር። ማርቆስም ከአጥሩ ላይ «አሁን ልናገር?» ብሎ ጮኸ።

አስቴር ልብሷን አጥባ፣ በዘይነባ ነጠላ ጫማ ሆና፣ ምርመራውን እንደገና ከሀ ጀመርን። ከወንበር ያለ እጅ ተነሳሁ፤ ወገቤ ቢጮህም። ሦስት ሜትር ሄጄ ተመለስኩ። በቀኝ እግሬ ስቆም እሷ መቁጠር ሰለቻት። በግራዬ ግን… ሦስት ሳትል ወደ ጎን ሄድኩ፣ ያዘችኝ። ደግመን ሞከርን። ያው ነው።

«ያዘነብላል» አልኳት በመጨረሻ። «እንደ ሚዛኔ።» ሦስቱንም ጊዜ የጣለኝ ግራ እግሬ መሆኑን ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር። ለእሷ ነገርኳት፤ ስነግራት ቀለለኝ።

«ያዘነበለ ሁሉ አይጣልም፣ ይጠናከራል እንጂ» አለችና መዝገቡ ላይ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ጮክ ብላ ለእመቤት አነበበችላት፦ ብቻቸውን መኖር ይችላሉ። ቅድመ ሁኔታ አለው ግን። ሳንቃዋ ትነሳና ሰፊ ድልድይ ከነመደገፊያው ይሠራ። ጭቃ ላይ ከዘራ። ጠዋት ጠዋት ከወንበር አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፤ ከዚያ ጠንካራ ነገር ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ግራውን በተለይ። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ መሻገር ፈጽሞ ክልክል።

«ማርቆስም እንደዚያው!» አለ ማርቆስ ከአጥሩ፤ እሱም ሊመረመር ተራ ይዟል።

ዘይነባ ጉዱን ስትሰማ እየሳቀች የሩዙን ጆንያ ገለበጠችው። በመንገዳችን ላይ ሚዛኖቹ አንድ በአንድ ከየተቀበሩበት ተነሱ።

ቅዳሜ እመቤት መጣች። መኪና ይዛ ነው የመጣችው፤ ውስጡ ግን ከዘራና የማያንሸራትት ቦቲ ጫማ ብቻ ነበር። አዲሱን ድልድይ ስሻገር ቆማ አየችኝ። ማርቆስና ሁለት አናጢዎች የሠሩት ነው፤ በሬ ያሻግራል። «አባዬ» አለችኝ፣ «ያን ቀን ወደቅኩ ብትለኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«ወደቅኩ ካልኩሽ ትወስጂኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ ደግሞ ተቀመጥኩ ስትለኝ ነው የፈራሁት።»

ተቃቅፈን ቆየን። ከዚያ ሚዛኑ ላይ አቆምኳት። ገንፎው አሁንም አለ።

ስትመለስ አንድ ነገር አስማለችኝ፤ በየጠዋቱ ስልክ ስትደውል ላነሳ፣ የሆንኩትንም ልነግራት። ሚዛኑ ሳሎን ተመልሷል፤ አራት ጎረምሶች ናቸው የተሸከሙት። ሶሏም ከሥሩ ገብታለች። ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ብዙውን ጊዜ የብረቱን አንገት በአንድ እጄ ይዤ፣ በግራ እግሬ ብቻ ቆሜ እየቆጠርኩ ነው የምገኘው። ዛሬ ሰባት ላይ ደርሼ ነበር።

«አባዬ፣ የት ነህ?» አለችኝ።

ብረቱን ለቀቅ አደረግሁት።

«ሚዛን ነኝ» አልኳት።